የዱር እንስሳትን ማጥመድና የፀጉራም ቆዳ ሥራ፦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መረጃ
(ለአዲ አርቃይ ወረዳና ለአካባቢው ነዋሪዎች)

አጠቃላይ

ይህ መረጃ በሰሜን ጎንደር ዞን በአዲ አርቃይ ወረዳና በአጎራባች ወረዳዎች የሚኖሩ፣ በፀጉራም ቆዳ ሥራ ለመሠማራት የሚያስቡ ዜጎች ከመጀመራቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ይገልጻል። የዱር እንስሳትን ማጥመድ በሕግ እንዴት እንደሚታይ፣ በተፈቀደ መንገድ ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ ከበግና ከፍየል ሌጦ ሥራ እንዴት እንደሚጀመር፣ እንዲሁም አውሬ ከብት በሚያጠቃበት ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ቀርቧል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ማንኛውም ሰው ሥልጣን ካለው አካል ፈቃድ ሳያገኝ የዱር እንስሳትን ማደን፣ በወጥመድ መያዝ፣ ቆዳቸውንም ሆነ ሌላ ውጤታቸውን መሸጥ፣ መግዛትና ማጓጓዝ አይችልም።
• በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ አደንም ሆነ ማጥመድ አይፈቀድም።
• በእርሻ መሬት ላይ ወይም በግል ይዞታ ውስጥ የተገኘ የዱር እንስሳ የባለይዞታው ንብረት አይሆንም።
• የጦር መሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ አደን ደግሞ ራሱን የቻለ ፈቃድ ያስፈልገዋል።
• ከቤት እንስሳት የሚገኝ ፀጉራም ቆዳ ማዘጋጀት፣ ማለትም የበግ አጎዛ፣ የደበሎና የሌጦ ሥራ፣ አስፈላጊውን የንግድ ፈቃድ በማውጣት ሊጀመር የሚችል ሕጋዊ ሥራ ነው።

1. የሥራው ታሪክና አሁን ያለበት ሁኔታ

በኢትዮጵያ የአውሬ ቆዳ ለረጅም ዘመን የማዕረግ መግለጫ ነበር። የነብር ለምድና የአንበሳ ጎፈር የመኳንንትና የጦር ሰዎች ጌጥ ሆነው ኖረዋል። የጉሬዛ ቆዳም ለምንጣፍና ለውጭ ገበያ ይቀርብ ነበር። በአንጻሩ የደጋው ገበሬና የቆሎ ተማሪው ልብስ ከበግ የሚገኘው ደበሎ ሲሆን፣ በየቤቱም አጎዛ ለመቀመጫ፣ ቁርበት ለመኝታ፣ ስልቻ ለእህል መያዣ፣ ጠፍር ለማሰሪያ ያገለግሉ ነበር። የፍየል ሌጦ ደግሞ ብራና ሆኖ መጻሕፍት ተጽፈውበታል።

የአውሬ ቆዳ ንግድ ዛሬ የቀድሞ መልኩን አጥቷል። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የእንስሳቱ ቁጥር መመናመን ነው። ሁለተኛው ሕግ ነው፤ ነብር እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለመጥፋት በተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ በተደረገው ስምምነት (ሳይተስ) የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1989 የስምምነቱ አባል ሆናለች። በዚህ ምድብ ያለ እንስሳ ቆዳ ለንግድ ዓላማ ከአገር ወደ አገር አይዘዋወርም። ሦስተኛው የተፈጥሮ ምክንያት ነው። በዓለም ገበያ ተፈላጊ የሆነው ፀጉራም ቆዳ ክረምቱ በረዶ በሆነባቸው እንደ ካናዳና ሩሲያ ባሉ አገሮች የሚገኝ ነው። በእነዚህ አገሮች እንስሳው ለብርዱ ሲል ከረጅሙ ፀጉር ሥር ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ፀጉር ያበቅላል። እንደ አዲ አርቃይ ባለ ሞቃታማ አካባቢ ያለ ቀበሮ ወይም ጥርኝ ግን ፀጉሩ አጭርና ሳሳ ያለ በመሆኑ፣ ሕጉ ባይከለክል እንኳ ለዚህ ገበያ የሚመጥን ቆዳ አይሰጥም።

ማጥመድ ባልተከለከለባቸው አገሮችም ሥራው ያለ ገደብ የሚሠራ አይደለም። በካናዳ አጥማጁ ሥልጠና ወስዶ ፈቃድ ማውጣት፣ የተወሰነ ወቅትና ቦታ ማክበር ይጠበቅበታል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ደንብ እግር የሚነክስ የብረት ወጥመድን ጥቅም ላይ ማዋል በአባል አገሮቹ እንዲከለከል ወስኗል።

2. ሕጉ ምን ይላል?

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ማደንና በውጤቶቻቸው መነገድ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። አዋጁን ለማስፈጸም ደንብ ቁጥር 163/2001 ወጥቷል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ተቋቁሟል።

አዋጅ ቁጥር 541/1999 ድንጋጌዎቹን ለሚተላለፍ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር የገንዘብ መቀጮ፣ ወይም ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ቅጣቶች አስቀምጧል። ሕጎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ ባለጉዳዩ ጥያቄ በሚያቀርብበት ጊዜ በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ተጠያቂነቱ እንስሳውን በያዘው ሰው ላይ ብቻ የሚያበቃ አለመሆኑ ነው። ቆዳውን የገዛ፣ ያጓጓዘና በማናቸውም መንገድ የተባበረ ሰው ጭምር ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ «እኔ አላጠመድኩም፤ ከገበያ ገዝቼ ነው» የሚለው ምላሽ ከተጠያቂነት አያድንም።

3. በአካባቢው ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል?

አዲ አርቃይ ከጎንደር በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ወረዳው ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር ከሚዋሰኑት ወረዳዎች አንዱ ነው። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ከዝርዝሩ ወጥቷል። በዝርዝሩ እንዲገባ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል የዋልያ ቁጥር ማሽቆልቆል አንዱ ነበር።

ዋልያ በተፈጥሮ የሚኖረው በስሜን ተራሮች ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር የለም። ቁጥሩ አነስተኛ በሆነ እንስሳ ላይ አንዲት ሴት እንኳ ብትሞት ጉዳቱ ከፍ ያለ ነው።

አሽክላና የሽቦ ማነቆ የሚይዙትን አይመርጡም። ለጥንቸል ወይም ለሚዳቋ ተብሎ በጠባብ መተላለፊያ ላይ የተጠመደ ሽቦ ሰስን፣ የዋልያ ግልገልን፣ የጎረቤትን ውሻ ወይም የእረኛን ፍየል ሊይዝ ይችላል። አጥማጁ በሌለበት ሌሊት የተያዘ እንስሳ ለረጅም ሰዓት ተሠቃይቶ ይሞታል። ተረስቶ የቀረ ሽቦም ከወራት በኋላ መያዙን አይተውም።

ቀይ ቀበሮን ከተራው ቀበሮ ለይቶ ማወቅ

በአካባቢው ሁለቱም «ቀበሮ» በሚል የጋራ ስም ሊጠሩ ስለሚችሉ ስሕተት ይፈጠራል። ልዩነታቸው የሚከተለው ነው።

• ቀይ ቀበሮ መልኩ ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ ጉሮሮው፣ ደረቱና የእግሩ ውስጠኛ ክፍል ነጭ ነው። ተራው ቀበሮ ግራጫ የተቀላቀለበት ቡናማ ወይም ወርቃማ መልክ አለው።
• የቀይ ቀበሮ እግር ረጅም፣ አፉም ቀጭንና ሹል ነው። የጅራቱ ጫፍ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ነው።
• ቀይ ቀበሮ የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ውርጭ ቦታ ሲሆን፣ ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ተራው ቀበሮ ግን በቆላውም በወይና ደጋውም ይገኛል።

ለይቶ ማወቁ የሚጠቅመው ያዩትን በትክክል ለማሳወቅ ነው። ተራውንም ቀበሮ ቢሆን ያለ ፈቃድ ማጥመድ አይቻልም።

4. በፈቃድ ሊሠሩ የሚችሉ ሥራዎች

ሕጉ የዱር እንስሳትን መጠቀም ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። የሚከተሉት መንገዶች አሉ።

ሀ. ስፖርታዊ አደን። ለአደን በተከለሉ ቦታዎች፣ በፈቃድ፣ በኮታና በክፍያ የሚከናወን ነው። በአብዛኛው የውጭ አገር አዳኞችን በሚያስተናግዱ ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች አማካይነት ይካሄዳል። ለጀማሪ የቆዳ ነጋዴ የሚሆን መንገድ አይደለም።

ለ. ለምርምር፣ ለትምህርት ወይም ለእርባታ እንስሳትን ከነሕይወታቸው መያዝ። ዓላማውንና የእንስሳቱን አያያዝ የሚያሳይ ሰነድ ቀርቦ የሚታይ ጉዳይ ነው።

ሐ. ጥርኝ አርብቶ ዝባድ ማምረት። ይህ በኢትዮጵያ ከማጥመድ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ብቸኛው ሰፊ ባህላዊ ሥራ ሲሆን፣ በይበልጥ የሚታወቀው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ እንደ ከፋ፣ ጅማ፣ ኢሉባቦርና ወለጋ ባሉ አካባቢዎች ነው። ወንዱ ጥርኝ ከነሕይወቱ ተይዞ በጠባብ ቤት ይቀመጣል። ሥጋ፣ ወተትና ገንፎን የመሰለ ምግብ ይሰጠዋል፤ በየጥቂት ቀኑም ከዕጢው የሚወጣው ዝባድ ተጠርጎ በቀንድ ውስጥ ይጠራቀማል። ዝባድ የሽቶን ጠረን ለማቆየት የሚያገለግል በመሆኑ ለዘመናት ወደ ውጭ ሲላክ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ሰው ሠራሽ ምትክ በመገኘቱና የእንስሳቱ አያያዝ በዓለም አቀፍ ደረጃ ብርቱ ትችት ስለደረሰበት ገበያው ጠቧል። ስለዚህ በሰሜን ጎንደር ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው አስተማማኝ ገዢ መኖሩን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን ማውጣት የለበትም።

5. ለጀማሪ የሚመከረው መንገድ፦ የበግና የፍየል ሌጦ

የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በዓለም የታወቀ ነው። ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ጥሬ ዕቃውም በየቤቱ ይገኛል።

ሆኖም አንድ እውነታ መታወቅ አለበት። ባለፉት ዓመታት የጥሬ ቆዳና ሌጦ ዋጋ በጣም በመውረዱ፣ በበዓል ማግስት በብዙ ከተሞች ሌጦ በየመንገዱ ሲጣል ታይቷል። በዚህ ምክንያት ጥሬውን ሰብስቦ መሸጥ ብቻ የጀማሪን ድካም ላይመልስ ይችላል። ትርፉ ያለው ጥሬውን ወደ አጎዛ፣ ወደ መቀመጫ፣ ወደ አልጋ ምንጣፍ ወይም ወደ ሌላ ያለቀለት ዕቃ በመለወጥ ላይ ነው።

5.1 የጥሬ ዕቃው ወቅት

የሌጦ አቅርቦት የበዓልና የጾም ቀን መቁጠሪያን ይከተላል። በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ አቅርቦቱ ይበዛል። በሁለት ወሩ የዐቢይ ጾም ግን እጅግ ይቀንሳል። የሙስሊሙ ማኅበረሰብ በዓላት፣ በተለይም አረፋ፣ ተጨማሪ የአቅርቦት ጊዜያት ናቸው። ጀማሪው ጨውና መወጠሪያ ከበዓሉ በፊት ማዘጋጀት፣ ከሉካንዳ ቤቶችና ከጎረቤቶችም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይኖርበታል።

5.2 ከመታረዱ በፊት

የሌጦ ጥራት የሚጀምረው በበረት ነው። እከክ፣ መዥገርና የበግ ቅማል በሌጦው ላይ የሚያደርሱት ጠባሳ ከተፋቀ በኋላ ጎልቶ ይታያል። በጎች በወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በወቅቱ ሲታከሙ ሥጋቸውም ሌጦአቸውም ይሻሻላል። በጋለ ብረት ምልክት ማድረግና እሾህ ባለበት ቦታ መጠበቅም ሌጦን ያበላሻል።

5.3 አገፋፈፍ

1. እንስሳው በንጹሕ ቦታ ይታረድ፤ ከታረደ በኋላ ተሰቅሎ ቢገፈፍ ይመረጣል።
2. ከጉሮሮ እስከ ጅራት በሆድ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይቀደድ። እግሮቹም በውስጥ በኩል ይቀደዱ።
3. ቢላ የሚያስፈልገው ለመነሻው ብቻ ነው። የቀረው በጡጫ እየተገፋ ይለቀቅ። በሌጦ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ብዙው የቢላ ቁርጥ ነው።
4. ለስልቻ ሲባል ሆዱ ሳይቀደድ የሚወጣ የፍየል ሌጦ ለአጎዛም ሆነ ለፋብሪካ ስለማይመች፣ ዓላማው አስቀድሞ ይወሰን።
5. የቀረ ሥጋና ስብ ተፍቆ ይነሳ፤ ደሙም በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

5.4 ጨው መነስነስና ማድረቅ

የተገፈፈ ሌጦ መበስበስ የሚጀምረው ወዲያውኑ ነው። የአዲ አርቃይ ቆላማ ቀበሌዎች ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ሌጦው የሰውነት ሙቀቱ እንደወጣለት፣ ቢዘገይ በ4 ሰዓት ውስጥ ጨው ሊነሰነስበት ይገባል። ለአንድ ኪሎ ግራም ጥሬ ሌጦ ከ300 እስከ 400 ግራም ጨው ይበቃል። ጨው የሚነሰነሰው በሥጋው በኩል ሲሆን፣ ጠርዙና የእግሩ ክፍል እንዳይዘነጋ መጠንቀቅ ያሻል። ከዚያም ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ዘንበል ባለ ቦታ ይቀመጣል።

ጨው ካልተገኘ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጥላና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማድረቅ ይቻላል። መሬት ላይ መዘርጋትና በቀጥታ ፀሐይ ማድረቅ አይገባም። በፀሐይ የደረቀ ሌጦ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ይበሰብሳል፤ ጉዳቱ የሚታየውም ውኃ ሲነካው ፀጉሩ መርገፍ በሚጀምርበት ጊዜ ነው።

5.5 ከነፀጉሩ ማለስለስ

አጎዛ ለማዘጋጀት የተዘፈዘፈው ሌጦ በሥጋው በኩል በደንብ ተፍቆ፣ ፀጉሩም በሳሙና ታጥቦ፣ ጨውና ሸብ በተሟሟበት ውኃ ውስጥ ከ2 እስከ 5 ቀን ይቀመጣል። በየቀኑ መገላበጥ ያስፈልጋል። ከወጣ በኋላ ተወጥሮ ግማሽ ድረስ ሲደርቅ በእጅና በእንጨት ጠርዝ እየታሸ ይለሰልሳል። መታሸቱ የሥራው አድካሚ ክፍል ሲሆን፣ የአጎዛው ዋጋ የሚወሰነውም በዚሁ ነው፤ ያልታሸ አጎዛ እንደ ጣውላ ይደርቃል።

የሸብና የጨው ውኃ ወደ ዛሪማ ወንዝም ሆነ ወደ ምንጭ፣ ወደ እርሻ መሬት ወይም ከብት ወደሚጠጣበት ቦታ መደፋት የለበትም። ክሮም የተባለው ኬሚካል የሚያስፈልገው የፋብሪካ አሠራር ደግሞ የፍሳሽ ማጣሪያ የሚጠይቅ በመሆኑ በቤት ውስጥ ሊሞከር አይገባም።

6. ፈቃድ የማውጣት ቅደም ተከተል

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። የጥሬ ቆዳና ሌጦ ግብይት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 814/2006 የራሱ ሥርዓት ተበጅቶለታል፤ ግብይቱ ለዚሁ በተለዩ የገበያ ቦታዎችና ፈቃድ ባላቸው ነጋዴዎች እንዲከናወን ታስቧል። ባለጉዳዩ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይከተላል።

1. የነዋሪነት መታወቂያ ከቀበሌ ማዘጋጀት።
2. ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት።
3. በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሥራው በየትኛው የንግድ መደብ እንደሚወድቅ መጠየቅ። ጥሬ ሌጦ መሰብሰብና ያለቀለት የቆዳ ዕቃ ማምረት የተለያዩ መደቦች ናቸው።
4. መደቡ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነ ማረጋገጫውን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማግኘት።
5. የሥራ ቦታውን የሚያሳይ የባለቤትነት ወይም የኪራይ ሰነድ ማቅረብ።
6. የንግድ ምዝገባ አከናውኖ ፈቃድ መውሰድና በየዓመቱ ማሳደስ።

በማኅበር ተደራጅተው ለመሥራት የሚፈልጉ ወጣቶችና ሴቶች ስለ አደረጃጀት፣ ስለ መሥሪያ ቦታና ስለ ብድር አሠራር ከወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መረጃ ማግኘት ይችላሉ።

7. አውሬ ከብት ሲያጠቃ

ብዙ ሰው ወጥመድ ለመዘርጋት የሚነሳው ቆዳ ፈልጎ ሳይሆን ፍየሉ ስለተበላበት ነው። ጉዳቱ እውነተኛ ነው፤ ለአንድ ድሀ ቤተሰብ የሁለት ፍየል መጥፋት የልጅ የትምህርት ወጪ መጥፋት ነው። ወጥመድና መርዝ ግን መፍትሔ አይሆኑም። በሬሳ ላይ የተደረገ መርዝ ያጠቃውን ነብር ሳይሆን ጥንብ አንሣውን፣ ውሻውንና ቀይ ቀበሮውን ሊገድል ይችላል።

የሚመከሩት እርምጃዎች የሚከተሉት ናቸው።

• የሌሊት በረትን በድንጋይ ካብ ወይም በጥቅጥቅ የእሾህ አጥር ማጠር። ነብር አጥር ዘሎ የሚገባ በመሆኑ ለግልገሎች ክዳን ያለው ማደሪያ ማዘጋጀት።
• በጎችና ፍየሎች ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ በረት እንዲገቡ ማድረግ።
• የሞተ ከብትን ከመንደር አጠገብ አለመጣል፤ ሽታው ጅብንና ቀበሮን ይስባል።
• ጠባቂ ውሾችን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ። ይህ ሰውንም፣ ከብትንም፣ ቀይ ቀበሮንም ይጠብቃል።
• ጉዳት ሲደርስ ዱካው ሳይጠፋ በዚያው ቀን ለቀበሌው አስተዳደር ማሳወቅ። ፓርኩን በሚያዋስኑ ቀበሌዎች ደግሞ ለፓርኩ ጥበቃ ሠራተኞች ማመልከት። ጉዳት በሚያደርስ አውሬ ላይ እርምጃ የሚወስደው ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው።

8. የጤና ጥንቃቄ

ሞቶ የተገኘ እንስሳ፣ የዱርም ሆነ የቤት፣ መገፈፍ የለበትም። አባ ሰንጋ ከታመመ እንስሳ ቆዳና ፀጉር ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲሆን፣ ተውሳኩ በደረቀ ቆዳ ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በድንገት የሞተና ከአፉ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የሚወጣ እንስሳ ሳይነካ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መነገር አለበት።

ሰውን የማይፈራ፣ በቀን መንደር ውስጥ የሚንከራተት ቀበሮ ወይም ጥርኝ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው አይድንም፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲሰጥ ነው።

9. ተደጋግመው ሊነሱ የሚችሉ ጥያቄዎች

ከአባት የተወረሰ የነብር ለምድ በቤት ያለው ሰው ምን ማድረግ አለበት?
ለመሸጥ፣ ለመለወጥ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ለማጓጓዝ ከማሰቡ በፊት ጉዳዩን ለባለሥልጣኑ አሳውቆ መመሪያ መጠየቅ ይገባዋል።

ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ሰው የአውሬ ቆዳ ይዞ መሄድ ይችላልን?
ያለ ፈቃድ አይችልም። በአየር ማረፊያ ከመያዙም በላይ በሚሄድበት አገር ሕግም ሊጠየቅ ይችላል። የበግ አጎዛን በተመለከተም የሚሄድበት አገር የእንስሳት ውጤት ማስገቢያ መስፈርት ስላለው አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

በመኪና ተገጭቶ የሞተ የዱር እንስሳ ቆዳ መውሰድ ይቻላልን?
አይቻልም። ሳይነኩ ለቅርብ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።

ጃርት ሰብል ሲያጠፋ ጉድጓድ ቆፍሮ መያዝ ይቻላልን?
ጃርትም የዱር እንስሳ በመሆኑ አስቀድሞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። ክፍት ጉድጓድ ለልጆችና ለከብት አደገኛ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

በተዘረጋ ወጥመድ የተያዘ እንስሳ ያገኘ ሰው ምን ያድርግ?
የተያዘ አውሬ ስለሚናከስ በግል ለማስለቀቅ አለመሞከር፣ ውሾችንና ሕፃናትን ማራቅ፣ ቦታውን በምልክት ይዞ በአፋጣኝ ማሳወቅ ይኖርበታል።

የአደን ልምድ ያለው ሰው ዕውቀቱን በሕጋዊ መንገድ ሊጠቀምበት ይችላልን?
አዎ። ዱካ መለየት፣ የእንስሳትን መዋያና ማደሪያ ማወቅ በጥበቃ ሥራና ጎብኚዎችን በመምራት ተፈላጊ ችሎታ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎችን በደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መከታተል ይቻላል።

10. አገልግሎት የሚገኝባቸው ቦታዎች

• የዱር እንስሳት ፈቃድና ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ፤ በአካባቢው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት፣ ደባርቅ።
• የእንስሳት ሕክምና፣ የሌጦ ጥራትና የሰብል ጉዳት፦ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በየቀበሌው ያሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች።
• የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፦ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት።
• የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፦ የወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት።
• ሕገ ወጥ አደንና የቆዳ ዝውውር ጥቆማ፦ በአቅራቢያ የሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ወይም የፓርኩ ጥበቃ ሠራተኛ።

ባለጉዳዮች ወደ መሥሪያ ቤቶቹ በሚሄዱበት ጊዜ የታደሰ መታወቂያና ጉዳያቸውን በአጭሩ የሚገልጽ ማመልከቻ ይዘው ቢቀርቡ መስተንግዶው ይፋጠንላቸዋል።